ሰላሳ አንድ ፊርማ

ሕሊና የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነበር። ዘጠኝ ናቸው። የዘጠነኛው አንድ እግር ስለሚያጥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ከሥሩ አስገባችለት። ከዚያ ትንሿን ጠረጴዛ ድንኳኑ መግቢያ ላይ አቁማ፣ ስለ ከተማዋ ዛፎች የጻፈችውን መጽሐፍ ሃያ ቅጂ ደረደረች። ከጎኑ ደብተር ገልጣ አስቀመጠች። በገጹ አናት ላይ «ይህ ዋንዛ እንዳይቆረጥ የምንጠይቅ የሰፈሩ ነዋሪዎች» ብላ ጽፋለች።

ዋንዛው ከድንኳኑ ጀርባ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ስለሆነ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀበሌ ሄዳ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ሰላሳ ፊርማ ካመጣች ጉዳዩ እንደገና ይታያል ተብላለች። ዛሬ እሑድ ነው። በየቤቱ ዞራ ልታስፈርም ሦስት ቀን ወጥታ፣ ሦስቱንም ቀን አንድ በር እንኳ ሳታንኳኳ ተመልሳለች። ከመጽሐፉ ባነብላቸው ራሳቸው ይፈርማሉ ብላ ነው ይህን ዝግጅት ያሰበችው።

ድንኳኑን የሰጧት የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሼ ባዘዘው ናቸው። ትናንት ደጃቸው ቆማ፣ በማይሰማ ድምፅ «ድንኳን ፈልጌ ነበር» ስትላቸው፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ቁልፉን አቀብለው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። አባቷ ካረፉ ገና ዓመታቸው ነው። ስለ እሳቸው መስሏት «አሜን» አለች።

ከቅዳሴ መልስ፣ የእድሩን ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው ሁሉ መግባት ጀመረ። ሕሊና ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ የሚፈርሙትን እጆች ብቻ አየች። ወንበሮቹ ሞሉ። የሚያወራ አልነበረም። እንዲህ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጣት ሰው አጋጥሟት አያውቅም። መጽሐፉን ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

«ከዚህ ሰፈር መጀመሪያ የተቆረጠው...»

አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሕሊና ቀና አለች። ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል።

ጎረቤቷ እማማ የብርጓል ከፊተኛው ወንበር ጎንበስ ብለው «ሕሊናዬ፣ ማንን ነው ያጣሽው? ይጁቤ ካሉት ዘመዶችሽ ነው?» አሏት።

«ማንንም አላጣሁም።»

«እንዴት ማንንም?»

«መጽሐፌን ላስተዋውቅ ነው፣ እማማ። ስለ ዛፎቹ።»

መጀመሪያ የሳቀው ፀጉር አስተካካዩ ምናለ ነው። «ለዛፍ ለቅሶ ነዋ ሱቄን የዘጋሁት!»

«ንፍሮዬንስ ምን ላድርገው?» አለች ፍቅርአዲስ፣ ሰሃኗን እንደታቀፈች።

«ለዋንዛው ስጪዋ! ሐዘንተኛው እሱ አይደል?» አላት ምናለ።

ጋሼ ባዘዘው ግን አልሳቁም። «በእድር ድንኳን ይቀለዳል? ምነው ትናንት ብትነግሪኝ?»

«ሳይጠይቁኝ...» አለች፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም፣ እየወጡ ነበር። ሌላውም ነጠላውን እያስተካከለ፣ እየሳቀ፣ እያጉረመረመ ተከተላቸው። መጽሐፍ ያነሳ አልነበረም።

ደብተሩን ሳበች። ቆጠረች፣ ደግማም ቆጠረች። ሰላሳ አንድ።

እማማ የብርጓል አልሄዱም። «ይኸ ወረቀት ምንድን ነው?»

ነገረቻቸው።

«እኛ እኮ የእድሩ የቀሪ መቆጣጠሪያ መስሎን፣ ሳናነብ ነው የፈረምነው።»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ትጠብቂያለሽ? ነገ ወስደሽ ስጪያ! ፊርማው እንደሆን የራሳችን ነው። ማን ያውቅብሻል?»

ሕሊና ዋንዛውን ዞር ብላ አየች። ቅጠሉ በድንኳኑ ሸራ ላይ ጥላውን ጥሏል። ሰላሳ ነበር የፈለጉት፤ አንድ ይተርፋል። ከቦርሳዋ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አወጣች።

«አንቺ ልጅ!»

«ለለቅሶ ብለው ነው የፈረሙት፣ እማማ።»

ከምናለ ጀመረች። ማስመሪያውን ከስሙ ላይ አስተካክላ ሰረዘችው፤ ቀጥላ የፍቅርአዲስን፣ የጋሼ ባዘዘውን። ስሞቹ ከመስመሩ ሥር አሁንም ይነበባሉ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«የእርስዎ ነው።»

አሮጊቷ ደብተሩን ሳይሆን ዛፉን አዩ። «የሠርጌ ለት በቅሎዬ የታሰረችው እዚያ ሥር ነው» አሉ። «የኔን አትንኪው።» ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በዝግታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የቀሩትን ዘጠኝ ስሞች ብቻዋን ሰረዘች። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ የሰፈሩ በሮች ሁሉ ተዘግተዋል። የመጨረሻውን መስመር ስትጨርስ እስክሪብቶውን ከደነች፤ ማስመሪያውን፣ ጠርዙ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ከመጽሐፎቹ አጠገብ አኖረችው።