የአስታ ሜዳ ምሰሶ

ሌሊቱን ያለ ወቅቱ ዘነበ። ሲነጋ ኔትወርክ አልነበረም።

ፈትለወርቅ ከማኅበሩ ቤት ወጥታ ቀና ብላ አየች። የባሕር ዛፉ ምሰሶ እንደቆመ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ዲሽ ግን አንገቱን ደፍቷል። ወደ ወገዳ ከተማ ማየት ሲገባው ገብሱን ያያል። ምክንያቱን ለማወቅ መውጣት አላስፈለጋትም። ዲሹን ከምሰሶው ጋር ያያዘው ጠፍር ርሷል።

ኢንተርኔት ወገዳ ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር። ከዚያ እስከ መንደሩ አስታ ሜዳ በራሱ አቅም ጎተተው። ቤት ሁሉ አዋጣ፣ ምሰሶው በደቦ ቆመ፣ ማኅበሩም የሁሉም ሆነ። መሣሪያውን እንድትይዝ ፈትለወርቅን ወገዳ ልከው አስተማሯት። ለዲሹ የብረት ማሰሪያ ከነብሎኑ መጥቶ ነበር፤ ወንዶቹ ግን ሳቁበት። ሞፈሩን ከቀንበሩ በጠፍር ሲያስር የኖረ ሰው ብሎን አያምንም። «ብረት ይዝጋል፤ ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል» አሉ የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ቢሆነኝ፤ የገዛ በሬያቸውን ቆዳ ተልትለው በእጃቸው አሰሩት። እውነታቸውን ነው፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። ሲርስ እንደሚላላ የማያውቅ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ማንም አላስታወሰውም። ፈትለወርቅም ከሰዉ ጋር አጨበጨበች።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ የሻረግ ችሎት አላት።

የሻረግ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የባሏ ታላቅ ወንድም ያርሱታል። ወንድምየው አቶ ቢሆነኝ ናቸው። «ሠራተኛው እንጂ ሚስቱ አልነበረችም» ብለው ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ መልሰዋል። ፍርድ ቤቱ ከዚሁ ከማኅበሩ ቤት በቪዲዮ እንድትቀርብ ፈቅዶላታል። ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል፤ መሬቱም በዚያው ይቀራል። ወገዳ በእግር ለመድረስ ጊዜው አልፏል።

«ልውጣና ላስተካክለው» አለች ፈትለወርቅ።

«በሚካኤል ቀን?» አቶ ቢሆነኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከበሩ ላይ ቆመዋል። «ገብሱ ሳይታጨድ? በረዶ ቢያወርድብን ማን ሊመልሰው ነው?»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በበዓል ቀን አይታረስም፣ አይታጨድም፣ አይፈጭም። አንድ ሰው ሲሽር በረዶው የሁሉንም ማሳ ይመታል። ስለዚህም ማንም እርሻ አልወረደም፤ አገሩ ሁሉ በማኅበሩ ቤት ዙሪያ ተቀምጦ ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ ዳኛው እየጠበቁ ነው።»

«ዳኛው ገብስ የላቸውም።»

ሰዉ ሳቀ።

«እኔስ ምን ገብስ አለኝ?» አለች የሻረግ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ሳትነሳ። «አምና ያፈራውን እርስዎ አጨዱት።»

አሁን የሳቁት ሴቶቹ ነበሩ። አቶ ቢሆነኝ ፀሐይዋን አዩ። የሻረግም አየች። ሦስት ሰዓት እየተቃረበ ነው።

ቄስ ይስሐቅ ከቅዳሴ ሲመለሱ ፈትለወርቅ ሮጣ መስቀል ተሳለመች።

«አባቴ፣ ዛሬ ጥጃ ማሰር ይፈቀዳል?»

«ጥጃማ ካልታሰረ ላሚቱን ጠብቶ ይጨርሳታል።»

«ብረት ሳልነካ፣ በእጄ ብቻ ጠፍር ባጠብቅስ?»

ቄሱ ወደ ምሰሶው ቀና አሉ። ከዚያ አቶ ቢሆነኝን አዩ፣ ከዚያም የሻረግን።

«ጠፍሩ የማን ነው?»

«የጋሽ ቢሆነኝ በሬ ነው።»

«በሬ ማሰር መቼ ተከልክሎ ያውቃል? ውጪ። በብሎን የታሰረ ቢሆን ኖሮ ግን እሺ አልልሽም ነበር።»

ወጣች። ምሰሶው ላይ የተመቱት እርከኖች ያንሸራትታሉ። ጠፍሩ በጣቶቿ መካከል እንደ ዓሣ ሾለከ፤ ስትስበው ይረዝማል፣ ስትቋጥረው ይፈታል። የራሰ ቆዳ ቋጠሮ አይዝም። በመጨረሻ መቋጠሩን ተወችው። ምሰሶውን በጭኖቿ ቆልፋ፣ ዲሹን በትከሻዋ ደግፋ፣ ፊቱን ወደ ወገዳ መለሰችው።

«መጣ!» ሲሉ ሰማች ከታች።

ኮምፒውተሩ ከዕድሩ ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል። የዳኛው ድምፅ ሜዳውን ሞላው፤ ቀጥሎ የየሻረግ ድምፅ፣ መጀመሪያ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ኋላም ቀጥ ብሎ። ነፋሱ ዲሹን ይገፋል። ፈትለወርቅ መልሳ ትገፋዋለች። ክንዷ መዛል ጀመረ።

«ልጄ» አሉ አቶ ቢሆነኝ ከምሰሶው ሥር። ድምፃቸው ለስልሷል። «ትወድቂያለሽ። ልቀቂውና ውረጂ። ማንም አይወቅስሽም።»

መልስ ሳትሰጥ ማጉያው ቀደማት።

«ተጠሪው አቶ ቢሆነኝ በዚያ አሉ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ምሰሶው ሥር ዞረ።

«እየጠሩዎት ነው፣ ጋሼ» አለች ፈትለወርቅ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ቤቱ ውስጥ ያለው አግዳሚ አንድ ብቻ ነው፤ ከየሻረግ አጠገብ ተቀመጡ።

«አጠገብዎ ያሉት ሴት የሟች ወንድምዎ ሚስት ነበሩ?»

ጸጥ አለ።

ፈትለወርቅ ደነገጠች። ዲሹ ዞረብኝ ብላ በደረቷ ተጫነችው፤ ወደ ግራ ሞከረች፣ ወደ ቀኝ መለሰች። ምንም ድምፅ የለም። እጆቿ አይሰሟትም። ወደ ታች ስታይ ግን «ጠፋ» የሚል ሰው አልነበረም። የየሻረግን ሠርግ የበሉ ሁሉ በበሩ ተጠጋግተው አንድ ሰው ያያሉ።

«አቶ ቢሆነኝ፣ ይሰማሉ?»

«ይሰማኛል።»

ዝምታውን ያመጣው ዲሹ አልነበረም።

«እንግዲያው ይመልሱ።»

የሆነ ቃል ተነገረ፤ ምሰሶው ላይ አልደረሰም።

«አልተሰማም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

«ነበረች» አሉ አቶ ቢሆነኝ። ማጉያው ቃሉን ወስዶ ሜዳው ላይ በተነው። «ሚስቱ ነበረች።»

ከበሩ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው እየጻፉ ነበር። ፈትለወርቅ አልለቀቀችም።