ከስማኝ ኩርባ የመጣው ክላክስ

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ የማታውቁት ካላችሁ፣ ልጆቼ፣ ብዙም አልቀረባችሁ። በአንድ በኩል አለት፣ በአንድ በኩል አየር ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አይሱዙ ነድቼበታለሁ። መካከሉ ላይ እኛ ሾፌሮች ስማኝ ኩርባ የምንለው ቦታ አለ። አለቱ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ከወዲያ የሚመጣውን መኪና አያሳይም። ጉም ሲወርድበት ደግሞ የራሳችሁን መኪና ኮፈን አታዩትም።

እና ደንብ ነበረን። ማንም አልጻፈውም። ጭነት ከቆላ ይወጣል፣ ባዶ መኪና ይወርዳል። ጭነት የያዘው ሁለት አጭር ክላክስ ያደርጋል፤ ቅድሚያው የእሱ ነው። ባዶው ቆሞ አንድ ረጅም አድርጎ ያደምጣል። አለቱ የገደል ማሚቶ አለው፤ የሰጣችሁትን ያንኑ ነው የሚመልስላችሁ። ረጅም ሰጥታችሁ ሁለት አጭር ከመጣ፣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ጥጋችሁን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ።

አብዱልሀሚድ የሞተው እዚያ ነው። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሽንኩርት ጭኖ ሲወጣ፣ ጋቢና ከነበረችው ከጎረቤቱ ከሌይላ ጋር ገደል ገባ። እኔ ባዶዬን እየወረድኩ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ፣ "ክላክስ አላደረገም፤ ድንገት መጣብኝ" አልኩ። ቃሌ ተጻፈ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ። ውሸቴን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሌይላ ወንድሞች የአብዱልሀሚድን ሚስት አፊፋን ሰላም ብለዋት አያውቁም። እኔን ደግሞ ያ ድምፅ አልለቀቀኝም። ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬም፣ ቅዳሴ ቆሜም፣ ሁለት አጭር ይመጣል። ድንገት ቀና ስል ባለቤቴ አስካለማርያም ታየኛለች፤ "ደግሞ ማን ጠራህ?" ትለኛለች። የጠራኝን አልነግራትም።

ባለፈው የካቲት አንዲት ወጣት ቤቴ መጣች። ሁስና ትባላለች፤ መሐንዲስ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የአብዱልሀሚድ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሰባት ዓመቷ ነበር።

"አባባ ወልደተንሣኤ፣" አለችኝ፣ "መኪኖች ያለ ሽቦ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሳጥን እየሞከርን ነው። አንዱ 'እየመጣሁ ነው' ሲል፣ ሌላኛው መኪና ውስጥ ያለው ይጮኻል። በዚያ መንገድ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ማየት አለብኝ። ኩርባውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ፊቷን ሳይ አቃተኝ፤ የአባቷ ግንባር ነው ያላት።

ዓርብ ጧት በሁለት መኪና ወረድን። ያዕቁብ የሚባል ቀልደኛ ሾፌር አንዱን ይዞ ከኩርባው በታች ቆመ። እኔና ሁስና በሌላው ከላይ ነን። ሳጥኑ የግማሽ ዳቦ ያህል ነው፤ አንቴናውን ጣሪያው ላይ ተክላ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። የበልግ ጉም ከቆላው እየተሳበ መንገዱን ዋጠው።

"ያዕቁብ፣ ቀስ ብለህ ና" አለች በስልክ። ከዚያ እሱ በስልክ የሚጠራላትን ርቀት እየደገመች ቆጠረች። "መቶ ሜትር፣ የለም። ስልሳ፣ የለም። አርባ..." ሳጥኑ የጮኸው የያዕቁብ መብራት ከአለቱ ጥግ ብቅ ሲል ነው።

"ያን ጊዜማ እኔም አየሁት" አልኳት።

ሳቀች። "ልክ ነዎት። አለቱ ሬዲዮውን ይጋርደዋል። አናቱ ላይ የሚያቀብል ሦስተኛ ሳጥን ካልተከልን ዋጋ የለውም።" ጻፈችው። ያዕቁብን ወደ ታች መለሰችውና፣ "እስቲ ደግሞ የጥንቱን እንለካው፤ እንደ ድሮዎ ክላክስ ያድርጉልኝ" አለች።

ባዶ ነንና አንድ ረጅም አደረግሁ። አለቱ ረጅሙን መለሰው። ዝም አለ። ከዚያ ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት አጭር መጣ።

ወደ ሁስና ዞርኩ። "ያዕቁብን መልስ ብለሽው ነበር?"

"አላልኩትም" ብላ ደወለችለት።

"እኔ?" አለ ያዕቁብ አፉ እንደሞላ። "ሳምቡሳ እየበላሁ ነው እኮ። ጭራሽ ከመኪናው ወርጃለሁ። ምነው አባባ፣ ጆሮዎም ጡረታ ወጣ እንዴ?"

"እኔ የሰማሁት ረጅሙን ብቻ ነው" አለች ሁስና፣ ላብ የወረሰውን ፊቴን እያየች። "ደከምዎ መሰለኝ። ይህችን ብቻ ይፈርሙልኝና እንመለሳለን።"

ወረቀት አወጣች። "የጥናቱ መግቢያ ነው። የአባቴን ነገር ነው የጻፍኩት። ክላክስ ረስቶ ሰው ይዞ ሞተ፤ ስለዚህ የማይረሳ መሣሪያ ያስፈልገናል ብዬ። ሳጥኑን የጀመርኩት ለዚህ ነው። ያዩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ቃልዎ ከሥሩ ይግባ።"

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። "ስለ ገዛ አባትሽ እንዲህ ትጽፊያለሽ?"

"እውነቱ እሱ ከሆነ ምን ላድርግ? እናቴ 'አብዱልሀሚድ አይረሳም' ትላለች። ልጅ ሳለሁ አምናት ነበር።"

ሁለት አጭር። አሁን ቀርቦ መጣ፣ ከአለቱ ሥር። ጉሙን አየሁት፤ የሚወጣ ነገር የለም። ሁስና ፊርማዬን እየጠበቀች ነው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"አባትሽ አልረሳም" አልኩ።

ወረቀቱን ወደ እሷ መለስኩት።

"የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ቆሞ መጠበቁ ሰለቸኝና፣ ባዶ ሆኜ የጫነ ሰው ክላክስ አደረግሁ። ሁለት አጭር። የሚመጣ ካለ ይቁምልኝ ብዬ። ሁለት አጭር ተመለሰልኝ፤ የራሴ ማሚቶ ነው ብዬ ገባሁ። የእሱ ነበር። እሱም የእኔን የራሱ ማሚቶ መስሎታል። ፊት ለፊት ስንገጣጠም መሪውን ወደ አየሩ የጠመዘዘው እሱ ነው። አለቱን ለእኔ ተወልኝ።"

ስልኳ ጠራ። "ልምጣ ወይስ ልደር?" ይላል ያዕቁብ። "ቆይ" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ለሌላ ሰው እንደምትናገር ሁሉ ቀስ ብላ፣ "የእኛም ሳጥን 'እየመጣሁ ነው' ብቻ ነው የሚለው" አለች። "ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ አይናገርም። ሁለት መኪና እኩል ቢጮህ እንዲሁ ይሆናል።" መግቢያውን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

"ይውረዱ፣ እኔ ልንዳ" አለችኝ። "ሰው ከጁምዓ ሳይበተን እንድረስ። ለእናቴም፣ ለሌይላ ወንድሞችም በአንድ ላይ ይነግሯቸዋል።"

"ልጄ፣ እነሱ እኮ..."

"እርስዎ ይፈራሉ?" አለች። "እናቴ ገበያ የምትሄደው ሰው ሲያልቅ ነው፣ አባባ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።"

ቦታ ተለዋወጥን። ኩርባውን በአንድ ረጅም ክላክስ አለፈችው። ከረጅሙ ማሚቶ በቀር ምንም አልተመለሰም፣ ወይም እኔ አልሰማሁም። ከታች ያዕቁብ ተከተለን።

አልዩ አምባ ስንደርስ ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነው። አፊፋ በልጇ ስልክ ተጠርታ መጥታ ከአንድ ዛፍ ሥር ለብቻዋ ቆማለች። የሌይላ ታላቅ ወንድም ኢክራማ ጫማውን እያጠለቀ ቀና አለና አየኝ። ፊቱ ፈካ። እጁን ዘርግቶ መጣ፤ እኔን ሰላም ሳይለኝ ያለፈበት ቀን ኖሮ አያውቅም።

እጁን ሳልጨብጥ ጀመርኩ።