የተቀደዱት አፎች

ሚስማር የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ሊያሞካሻት ብሎ ግን አይደለም። ገና ወጣት ሳለች ግማሽ ጭንቅላቷን በምላጭ ተላጭታ፣ ጋራዥ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ስትጮህ ሰማትና «ይቺ ልጅ ያላት ድምፅ አይደለም፣ ሚስማር ነው!» አለ። እሷ ደግሞ ስድቡን እንደ ሽልማት ተቀበለችው። በዚያ ዘመን በከተማው ፓንክ የሚባል ጩኸታም የአመፅ ሙዚቃ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቡድናቸው ሲጫወት ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል፣ በማግስቱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ግጥሙን የምትጽፈው እሷ፣ የምትዘፍነው እሷ፣ የዝግጅቱን ፖስተር የምትሠራውም እሷ ነበረች። ከፋሽን መጽሔት የቆነጃጅት ፊት ትቆርጥና በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ትለጥፋለች። ሙጫው ሲደርቅ አፍ አፋቸውን በጥፍሯ ይዛ ቦጭቃ ታነሳዋለች፤ በከንፈሩ ቦታ ቡናማው ካርቶን ብቻ ይቀራል። «አፍሽን ዝጊ» እየተባለች ላደገች ሴት ከዚህ የበለጠ ምን ይሳልላት?

ጊታር የሚመታው ባሏ ግን ጋዜጠኛ በጠየቀው ቁጥር «እኛ» ብሎ ይጀምርና «እኔ» ብሎ ይጨርሳል። ከተፋቱ በኋላ ባሰበት። የቡድኑ መሥራች እሱ፣ የፖስተሩ ሠዓሊ እሱ ሆነ፤ እሷ «የያኔዋ ባለቤቱ» ሆና ቀረች። የለፋ ሌላ፣ የተጨበጨበለት ሌላ! ሚስማር ማተሚያ ቤት ቀለም እየቀላቀለች ሴት ልጇን አሳደገች፤ ያ ነገር ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ስለዚህ ሙዚየሙ ደውሎ «ፖስተሩን ሲሠሩ የተነሱትን ፎቶ አግኝተናል፤ ስምዎ ይጻፋል» ባላት ቀን፣ ስልኩን ዘግታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ዕለት፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ሄደች። ዳይሬክተሩ «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ!» እያለ አዳራሹ ውስጥ አስገባት። ከፖስተሩ ሥር ነጭ ካርድ ተለጥፏል፤ ስሟ ከነአባቷ በጥቁር ፊደል ተጽፏል። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቀና ስትል ፖስተሩ ላይ ያሉት ሴቶች ይስቃሉ። ሁሉም ቀይ ከንፈርና በረድ የመሰለ ጥርስ ተሠርቶላቸዋል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ተጎድቶ ነበር እኮ» አለ ዳይሬክተሩ በኩራት። «ሁሉም አፋቸው ላይ ተቦጭቋል። አይጥ ሳይሆን አይቀርም። ባለሙያችን ስንት ወር ለፍታ ነው ያዳነችው።»

«አይጥ? አይጧ እኔ ነኝ!»

ከኋላቸው የቆመችው የሥዕል ጠጋኝ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይጥፋልኝ» አለች ሚስማር። «አሁኑኑ!»

«እማማ፣ ትኬቱም፣ ኩባያውም፣ ቦርሳውም በዚህ ሳቅ ታትሟል። ደግሞስ ሲስቁ አያምሩም?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ‹ፈገግ በይ› ስትሉኝ ኖራችሁ፣ እኔን ሲያቅታችሁ በካርቶኖቼ መጣችሁ?»

ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳለ ይቀበሉትና ስምዎ ይኑር። አለዚያ የቀድሞ ባለቤትዎን አነጋግረናል። ‹በጣም ያምራል፣ በእኔ ስም ቢሆን ደስ ይለኛል› ብለዋል።»

ሚስማር ካርዱን አየችው። ልጇ ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው። «ይቺን የሠራችው አያታችሁ ናት» ልትላቸው ነው። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። በገዛ ፖስተሯ ሥር ቆማ አፏን ልትዘጋ! ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ።

ወደ ጠጋኟ ዞረች። «ስሚ ልጄ፣ በምን ቀባሽው?»

«በውሃ ቀለም ነው እትዬ። በሰው ሥራ ላይ የማይለቅ ነገር መጨመር በእኛ ሙያ ነውር ነው። ምናልባት ተሳስተን ከሆነ እንዲለቅ ብለን ነው።» ልጅቷ አቀረቀረች።

ሚስማር አውራ ጣቷን ላሰችና የመጀመሪያዋን ሴት ከንፈር ጠረገችው። ቀዩ ጣቷ ላይ መጣ፤ ካርቶኑ ታየ።

«በምራቅ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «የሙዚየም ንብረት በምራቅ!»

«ምራቅ ከውሃ ይሻላል» አለች ጠጋኟ ቀስ ብላ። «እኛም አሮጌ ሥዕል የምናጸዳው በእሱ ነው።»

ዳይሬክተሩ ካርዱን ከግድግዳው ላይ ላጠና ኪሱ ከተተው። ሚስማር ስሟ ኪሱ ሲገባ አየች።

«ውሰደው!» አለችና ወደ ሁለተኛዋ ሴት ዞረች።

ጠጋኟ ጓንቷን አወለቀች። አውራ ጣቷን ላሰችና ከፖስተሩ ወዲያኛው ጫፍ መጥረግ ጀመረች።