አጋዘን ልናድን

መዓዛ በሩን የከፈተችው የካዚኖ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ነበር።

«የት ነው የምትወስዳት?»

«ተራራ» አለ ውብሸት። «ትንሽ አየር ታገኛለች።»

«እሱስ ጥሩ ነው።» ጫማዋን እያጠለቀች፣ ቀና ሳትል ቀጠለች። «ያልኩህን አልረሳህም አይደል? ነገ ማታ እጠይቃታለሁ። አልሄድም ካለች እያለቀሰች አልልክልህም። ስትናፍቅህ እዚሁ መጥተህ ታያታለህ።»

«አልረሳሁም።»

እንዴት ይረሳል? ከተፋቱ ወዲህ የሰባት ዓመቷ አርያም ስፕሪንግ ቫሊ ወዳለው አፓርታማው የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ግን አላደረችም፤ ለእናቷ አስደውላ ተመልሳለች። «ዳዲ ቤት ምንም የለም» ትላለች። እውነቷን ነው። አንድ ሶፋና አንድ ቲቪ አለ፤ ባለቤቱም ጨዋታ አያውቅም። የሆቴል ክፍሎችን ኤሲ ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። አንኳኩቶ ይገባል፣ ለእንግዳው ፈገግ ይላል፣ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ ይሄዳል። እቤቱም ሲገባ ዝም ማለት ይቀናዋል። አንድ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ከልጁ ጋር በእንግሊዝኛ አውርቶ አለማወቁ ነው። መዓዛ ሲደክማት በእንግሊዝኛ ትለቀዋለች፤ እሱ ግን አንድም ቀን። የተሰባበረም ቢሆን፣ አርያም በአማርኛ የምታወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

ዘንድሮ የአጋዘን ማደኛ ፈቃድ ዕጣ ወጣለት። ጋሽ ንጉሤ ሲሰሙ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እስኪሰማ ሳቁ። በሱዳን አድርገው በሰማንያዎቹ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ያድኑ ነበር፤ ተኩስ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

«ዲቪም በዕጣ፣ አጋዘንም በዕጣ! አንተ ሰውዬ ካዚኖ የምትገባው ኤሲ ልትጠግን ብቻ ነው?»

«እድሌን እንዳልጨርሰው ነዋ፣ ጋሽዬ።»

«በል ስማኝ። ሞቶ ከደረስክበት እኔ አልበላልህም። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ ባርከህ ታርዳለህ። ልጅቷንም ውሰዳት። ያባቷን ሙያ ትይ።»

ረቡዕ ዕለት ደወለላት። «አርዬ፣ ቅዳሜ አጋዘን ልናድን እንሄዳለን።»

ከስልኩ ጩኸት መጣ። «ሪሊ? እኔና አንተ? እናድናለን?»

«እናድናለን! ግን ለማሚ እንዳትነግሪ። ስንመለስ ትስማ።» መዓዛ ጠመንጃ መኖሩን ብታውቅ እንደማትለቃት ያውቃል። ስልኩን ዘጋ። በእሱ ምክንያት እንዲህ ደስ ብሏት የሰማበትን ጊዜ ሊያስታውስ ፈልጎ አጣው።

አሁን እነመዓዛ ከሚኖሩበት ከዊትኒ ወጥተው ወደ ሰሜን እየነዱ ነው። የከተማው ቤቶች አልቀው ቢጫ ሜዳ ሆኗል። አርያም የጀርባ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ለብቻዋ ታወራለች።

«ቦርሳሽ ምን ይዞ ነው እንዲህ ያበጠው?»

«ካሮት። ፎጣ። ሌላው ሲክሬት ነው።»

ካሮቱን ለምሳዋ፣ ፎጣውን ለብርዱ ነው ብሎ አሰበ። ትንሽ ቆይታ ወደ ኋላ ወንበር ዞረች።

«ጠመንጃው ለድቦቹ ነው?»

«ድብ ከመጣ ለድብም ይሆናል» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሁለቱ እንዲህ አብረው ከሳቁ ቆይቷል፤ ውብሸት መንገዱ ባያልቅ ደስ ባለው።

መኪናውን ከጥርጊያው መንገድ ዳር አቁመው በእግራቸው ሽቅብ ወጡ። ሌላ ተኳሽ ከሩቅ እንዲያያት ብርቱካንማ ሰደርያ ሲያለብሳት እስከ ጉልበቷ ወረደ። ቁጥቋጦው ሲረግጡት አሪቲ አሪቲ ይሸታል። አንድ ጥድ ስር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከፊታቸው ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ግራጫ ዳገት። እቤቱ አንድ ቦታ አልቀመጥ የምትለው ልጅ ፀሐይዋ ጀርባቸውን እስክታሞቅ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ጭንቅላቷን ክንዱ ላይ አስደገፈች። ክንዱ ደነዘዘ፤ አላነቃነቀውም።

መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። «ዳዲ» አለች በሹክሹክታ። ባለ ቀንድ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጥቶ ጎኑን ሰጥቷቸው ቆሟል።

«እሱን ነው የምናድነው?»

«እሱን ነው። ጆሮሽን ያዢ።»

በእርጋታ አነጣጠረ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤ ቃታውን ሳበ። አጋዘኑ ዘለለ፣ ጥቂት ሮጠና በፊት እግሮቹ ተንበረከከ። ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም።

ውብሸት የጋሽ ንጉሤን ቃል አስታውሶ ብድግ ሲል፣ አርያም ቦርሳዋን ከፍታ ቁልቁል እየሮጠች ነበር። ሸለቆው ግርጌ ላይ ደርሶ ሰደርያዋን ያዘ።

«አትጠጊው! በእግሩ ይመታሻል!»

«ልቀቀኝ! በጣም ደምቷል!» በአንድ እጇ ፎጣውን፣ በሌላው የቁስል ባንድኤድ ካርቶን ጨብጣለች። «ለምን መታኸው? አሁን ቶሎ እናድነው፣ ዳዲ! እናድናለን አልክ እኮ!»

ያን ጊዜ ገባው። ቃሉን ከየት እንዳመጣችው ራሱ ያውቃል፤ በየእሁዱ አጠገቡ ቆማ የምትሰማው ነው። ጌታ ያድናል። ማርያም ታድናለች። ልጅቷ «ማዳን»ን እንጂ «ማደን» የሚባል አታውቅም። ከረቡዕ ጀምሮ የጮኸችው፣ የሳቀችው፣ ክንዱን የተደገፈችው፣ የታመመ አጋዘን ከሚያድን አባት ጋር ነበር።

የሚላት ነገር ፈለገ። «አርዬ… ሌላ ቃል ነው» አለ።

አጋዘኑ እየተንፈራገጠ ነበር። ጋሽ ንጉሤ በሉም አልበሉም፣ እንዲህ ሊተወው አይችልም። «ዞር በይ» አላት። አልዞረችም። ቢላዋውን አወጣ፤ በስተጀርባው ዞሮ ቀንዱን ያዘ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አለ።

«አሜን» አለች አርያም ከኋላው፣ ቄስ በሽተኛ ሲዳብሱ እንደሚባለው፣ ከልቧ።

ከዚያ አየች።

አላለቀሰችም። ባንድኤዱን ወደ ካርቶኑ፣ ካርቶኑን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ውብሸት መኪናውን ሸለቆው ግርጌ ድረስ አቀረበላትና ውስጥ አስቀመጣት። ሥጋውን አሰናድቶ እስኪጭን ቀና ባለ ቁጥር፣ በመስታወቱ ያያት የነበረው ማጅራቷን ብቻ ነው።

«እኛ ጋ ነው የምታድሪው ወይስ…»

«ማሚ ጋ።» እስከ ዊትኒ ድረስ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

መዓዛ ከሺፍት ገና መግባቷ ነበር። አርያም በአጠገቧ አልፋ ክፍሏን ዘጋች። ውብሸት ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሳይደብቅ ነገራት።

«አጋዘን ልናድን ነው ብለሃት?» መዓዛ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «አንተ ደግሞ! በእንግሊዝኛ ብትነግራት ምን ትሆን ነበር?»

ውብሸት ወደ መኪናው ተመለሰ።

በማግስቱ ጋሽ ንጉሤ ድርሻቸውን ሊወስዱ መጡ። ጭኑን በእጃቸው እየመዘኑ፣ «በደንብ ባርከሃል?» አሉት።

«ባርኬያለሁ።»

«ልጅቷስ? ፈራች?»

«አልፈራችም፣ ጋሽዬ።»

«የወንድ ልጅ!» አሉና ሥጋቸውን ይዘው በደስታ ሄዱ። ውብሸት የቀረውን ፍሪዘሩ ውስጥ ደረደረ። ከአንድ ሰው አልፎ ለቤተሰብ የሚተርፍ ነበር። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ሲመሽ ተደወለ።

«ጠይቄያታለሁ» አለች መዓዛ። «ራሷ ትንገርህ።»

የአርያም ትንፋሽ ተሰማው።

«ዳዲ። እመጣለሁ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እሺ የኔ ልጅ። እሺ…»

«ግን በአማርኛ አትንገረኝ። የት እንደምንሄድ፣ ምን እንደምናደርግ፣ በእንግሊዝኛ ንገረኝ። ሁሉንም። ከዚያ ነው የምመጣው።»

ከዚያም መልሱን ሳትጠብቅ በእንግሊዝኛ ቀጠለች። ቅዳሜ የጓደኛዋ ልደት አለ፤ ከዚያ በኋላ መጥቶ ይውሰዳት፤ ግን ፓርኩ ብቻ፣ ሌላ ቦታ አይደለም። ድምጿ ፈጣንና ጥርት ያለ ነበር፤ አማርኛ ስትናገር እንደምትደናቀፈው አልተደናቀፈችም። ይህችን ልጅ አያውቃትም። ውብሸት የምትለው ሁሉ ገብቶታል፤ አንድም ቃል አላመለጠውም።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ሌላ እንግሊዝኛ አልነበረውም። የእንግዳ ክፍል አንኳኩቶ ሲገባ በሚናገርበት በዚያ ትሑት ድምፅ፣ «ኖ ፕሮብለም» አላት።