የብርሀነ ለቅሶ በዌልስሊ የቅስቀሳ ወረቀት ላይ

ማንተግቦሽ የዌልስሊን የምርጫ ታሪክ ከዌልስሊ ሰዎች በላይ ታውቀው ነበር። ድምፅ የምትሰጠው ግን እዚያ አይደለም። ቤቷ ሴንት አልባንስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ያለው የዌልስሊ ወረዳ የምትደርሰው ሁለት ባቡር ቀይራ ነው። እዚያ የምትንከባከባቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ሐሮልድ፣ ለወግ አጥባቂው ፓርቲ የአካባቢ ጸሐፊ ሆነው አርባ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የወረዳቸውን ታሪክ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ወረዳው በፈረንጆቹ 1955 ከተቋቋመ ጀምሮ አምስት ተመራጮች፣ አምስቱም ከአንድ ፓርቲ። አንዱማ ሃያ ዓመት ሙሉ ምክር ቤት ተቀምጦ አፉን ሳይከፍት ጡረታ የወጣ ነው። «እዚህ ጀልባ እጩ ብናደርግም ይመረጣል» ይሉ ነበር ሽማግሌው እየሳቁ።

ጽሕፈቱ ከሥራዋ ውስጥ አልነበረም። ሥራዋ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ነው። ግን ሽማግሌ ሲለምናት እምቢ ማለት አትችልም፤ የሚገድላት ይሉኝታ ነው። ስለዚህ የፈረንጆቹ 2018 ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ካርቶን ሙሉ የቅስቀሳ ወረቀት መጥቶ «አጥፈን ፖስታ ውስጥ እናስገባው፣ ታግዢኛለሽ?» ሲሏት ቁጭ ብላ ታጥፍ ጀመር። ምን እንደሚል አላየችም። የሰው ፓርቲ ምን አገባት? ሦስት መቶ ያህል ካጠፈች በኋላ አንዱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

«ስደተኛ ወሮበሎች ጎዳናችንን ተቆጣጥረውታል» ይላል ከላይ በቀይ። ከሥሩ ጥቁር የለበሱ፣ ኮፍያ የደፉ ወንዶች አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰብስበው ቆመዋል። ቤቱ የራሷ ነው።

የባሏ የብርሀነ ለቅሶ ነበር። ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ አገር የብርድ ወር፣ ቤቱ ሴቶቹን እንኳ አልበቃ ብሎ ወንዶቹ ውጭ ብርድ ላይ ቆሙ፤ ዝናብ ሲመጣ የጃኬታቸውን ኮፍያ ደፉ። ግራው ላይ ያለው ሔኖክ ነው፣ የእህቷ ልጅ፤ ነርስ ነው፣ ከሥራ ወጥቶ እንቅልፍ ሳያይ የመጣ። አጠገቡ ጋሼ ካሣዬ ናቸው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው፤ በዚያ ጉልበታቸው ጎዳና ተቆጣጠሩ ተባሉ። ሰው የሞላውን የለቅሶ ድንኳን ከፎቶው ቆርጠው ጥለውታል። ያነሳው ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት መሆን አለበት። «ምን ሆናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምን ገደደው? እሷ ደግሞ በገዛ እጇ ስታጥፈው ዋለች። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው። ደሟ ፈላ።

«ሚስተር ሐሮልድ፣ ይህ የባለቤቴ ለቅሶ ነው» ብላ ወረቀቱን ፊት ለፊታቸው ዘረጋችው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ቀይረው አዩት። «እነዚህ ሁሉ?»

«ሰው ሲሞት ሰው ይመጣል። እናንተ ጋ አይመጣም?»

ፊታቸው ቀላ። ወዲያው የፓርቲያቸው እጩ ጋ ደወሉ። ጆሯቸው ስለማይሰማ በስልክ የሚነጋገሩት ድምፁን ወደ ውጭ ለቀው ነው። ማንተግቦሽ ለመድኃኒታቸው ውሃ ልትቀዳ ወጥ ቤት ገብታ ሁሉንም ሰማች። እጩው ሳቀ። «ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ፎቶው እየሠራልን ነው። እንደ ድሮው ተኝተን የምናሸንፍ እንዳይመስልዎት፣ ሐሮልድ። ዘንድሮ ሰዉ ካልፈራ አይመርጠንም።»

ሽማግሌው «ገባኝ» ብለው ዘጉ። ስትመለስ ቀና ብለው አላዩዋትም። «በጣም ይቅርታ ብሏል። ፎቶውን ከወረቀቱ ላይ ያነሳዋል።»

መድኃኒቱን ሰጠቻቸው። ሥራዋ ነውና ውጠው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ «ሰምቻለሁ» አለች።

ሽማግሌው ባዶውን ብርጭቆ መለሱላት።

«ስልሳ ሦስት ዓመት በጨዋነት አሸነፍን ብለው አስጽፈውኛል። አምኜ ነው የጻፍኩት። ለመጨረሻው ምዕራፍ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ።»

ያጠፈቻቸውን ወረቀቶች ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ትከት ጀመር።

«የፓርቲው ንብረት እኮ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ሰዎቹ የኔ ናቸው።»

ባቡር ጣቢያው ስትደርስ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆማ ቦርሳዋን ከፈተች። ቀዳድዳ ልትጥላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ስትዘረጋው ሔኖክ አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ። ጋሼ ካሣዬ አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። እንዴት አድርጋ ትቅደዳቸው? በለቅሶ ቤት ፎቶ ማንሳት ነውር ስለሆነ ከወዳጅ ዘመድ አንድም ሰው አላነሳም። ለብርሀነ ብለው በዝናብ የቆሙት ሰዎች የሚታዩበት ፎቶ ይኸው ብቻ ነው፤ ያነሳላት ደግሞ ጠላት ነው። ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ነበር።

ባቡሩ መጣ። ማንተግቦሽ እየተራገመች ተሳፈረች፤ ሦስት መቶውንም ስድብ እንደታቀፈች ወደ ሴንት አልባንስ ወሰደችው።