የስሙ ቦታ

የአሳንሰሩ በር የሽማግሌውን ከዘራ ነክሶ ያዘ። ከዘራው ቀድሞ ገብቶ፣ እግራቸው ሊከተለው ሲል ነበር የተዘጋው። ቴክኒሻኗ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው።

«ባለፈው ክንዴን፣ ዛሬ ከዘራዬን» አሉ ሽማግሌው። «ባሳደግሁት ውሻ ተነከስኩ።»

እውነታቸውን ነው። የዚህን አሳንሰር ፕሮግራም በወጣትነታቸው፣ በራሱ በማሽኑ ቋንቋ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ እሷንም ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው። ነገ ልጃቸው ይመጣል። ከአምስተኛ ፎቅ ብቻቸውን መውረድ ካቃታቸው ቤታቸው ተዘግቶ እሱ ዘንድ ይገባሉ።

ላፕቶፗን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ከመቆጣጠሪያው ጋር አገናኘችው። ማሽኑ አንድ ትእዛዝ ያነሳል፣ ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ሌላ ዓለም የለውም። «ጠብቅ» ቢሉት አይገባውም። ስለዚህ ቁጥር ይሰጡታል፤ አንድ አንድ እየቀነሰ ይቆጥርና ዜሮ ሲደርስ በሩን ይዘጋል። ቁጥሩን ልታሳድገው አሰበች። ለካ የተሰጠው ቁጥር፣ የተመደበለት የሜሞሪ ቦታ ሊይዝ የሚችለው የመጨረሻው ትልቅ ቁጥር ኖሯል።

«ያኔ ዘላለም መስሎኝ ነበር» አሉ ከኋላዋ።

ቆጠራውን መልሶ መላልሶ የሚያስጀምር ሌላ ቆጠራ መጨመር አለባት። ሜሞሪው ግን ጢም ብሏል። ስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ወረደች። እዚያ ምንም ትእዛዝ የማይደርስባቸው ፊደላት ተደርድረዋል፦ የሽማግሌው ስም፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው። እሳቸው የሠሯቸው ሌሎች ማሽኖች ሁሉ በአዲስ ተተክተዋል፤ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። አዲሱ ቆጠራ ደግሞ የሦስቱንም ስሞች ቦታ ይፈልጋል።

«ቦታ የለም፣ ጋሼ።»

«መጨረሻው ድረስ አልሄድሽም?»

«ሄጃለሁ።» ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «ሌላ የሚቀነስ ነገር ልፈልግ።»

«ምኑን? ፍሬኑን?» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። «ስሜ ሥራ ፈት ነው፣ ልጄ። ይሄን ሁሉ ዘመን ተጎልቶ አንድ ቀን አልታዘዘም። አንሺው።»

ከአያትየው ጀመረች። የራሳቸው ስም ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ በሩ ከዘራው ላይ የተወውን ጭረት በአውራ ጣታቸው እያሹ ነበር። አጠፋችው።

በሩ ተከፈተ። ልትደግፋቸው እጇን ብትዘረጋ በዓይናቸው መለሷት። ከዘራው ገባ። አንድ እግር። ቆይቶ ሌላው እግር። ፊታቸውን ወደ እሷ ሲያዞሩ በሩ እንደተከፈተ ነው። ስሙ በነበረበት ቦታ ማሽኑ ይቆጥራል።

«አሁንስ አበዛው» አሉ።

በሩ ገና አልተዘጋም።