አዛዥ ድልነሳሁ በየዕለቱ አንድ ዕቃ ከቤታቸው እንዳወጡ

ልባም አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ዕርቃኑን ተወልዶ ዕርቃኑን እንደሚሄድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ቢያድግም፣ በልደትና በሞት መካከል ባለችው አጭር ዘመኑ ንዋይን ሲሰበስብ፣ የሰበሰበውን ሲጠብቅ፣ በጠበቀውም ሲጨነቅ የሚኖር ፍጡር ነው። ቤት ጥንት የተሠራው ሰውን ከቍርና ከሐሩር ሊሰውር ነበር፤ ዳሩ ግን ዕቃ በዕቃ ላይ ሲደረብ፣ ዓመትም ዓመትን ሲተካ፣ ጌታው በገዛ ማኅደሩ እንግዳ፣ ዕቃው ባለርስት ሆኖ ይገኛል። ይህን የማይረታ የሚመስል ባላጋራ አንድ ሽማግሌ በጦርና በጎራዴ ሳይሆን በትዕግሥትና በየዕለት ተግባር እንዴት እንደ ረቱት እነሆ እንናገራለን።

አዛዥ ድልነሳሁ በአንኮበር ሠላሳ ዘመን የአንድ ታላቅ መኰንን ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነው የኖሩ፣ በታማኝነታቸው የተመሰገኑ፣ በቍጣቸውም የተፈሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ሹመት ሳሉ መርፌ እንኳ እንዳትጠፋ መጠንቀቅ ግዴታቸው ነበርና ጥንቃቄው ውሎ አድሮ ባሕርይ ሆነባቸው፤ ሹመታቸውን አስረክበው በዳገቱ ላይ ወደ ሠሩት ቤታቸው በገቡ ጊዜም ከቶ አንዳች ነገር መጣል የማይሆንላቸው ሆኑ። እርካብ የሌለው ኮርቻ፣ ታቹ የነቃ ጋን፣ ብል የበላው ካባ፣ ክዳኑ የጠፋ ሙዳይ፣ ከማን እንደ መጣ የማይታወቅ የጦር ሶማያ ሳይቀር «አንድ ቀን ይፈለጋል» እየተባለ ከግድግዳ እስከ ምሰሶ ተከመረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በብልሃትም በጨዋነትም የታወቁ እመቤት፣ ዐይናቸው እስካየ ድረስ በክምሩ መካከል እየተሽሎከሎኩ ታገሡ። በስድሳኛው ዓመታቸው ግን ብርሃነ ዐይናቸው ቀስ በቀስ ደብዝዞ ፈጽሞ ጠፋ፤ ያ ቤትም የመሰናክል ዱር ሆነባቸው። አንድ ቀን ጧት በሙቀጫ ተደናቅፈው ወደቁና የግራ ክንዳቸው ተሰበረ።

ወጌሻው ክንዳቸውን አስሮ ከሄደ በኋላ አዛዥ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ከእንግዲህስ አትነሺ፤ የምትሺውን ወለቴ ታቅርብልሽ» አሉ። ወለቴ በቤቱ ያደገች ገረዳቸው ነበረች። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸውን ወደ ባላቸው ድምፅ መልሰው በዝግታ፣ «ጌታዬ፣ እግዚአብሔር የወሰደብኝ ዐይኔን ነው፤ እግሬን የወሰዱብኝ ግን እርስዎ ነዎት» ብለው መለሱ። ይህን የመሰለ ቃል በአርባ ዓመት ትዳር ተሰምቶ አያውቅም ነበርና አዛዥ እጅግ ደነገጡና፣ «ታዲያ ምን ላድርግ? ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ባወጣ ነፍሴ አብራ ትወጣለች» አሉ።

«በአንድ ቀን መች አልኩ? በየዕለቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ዕቃ፣ አንድ ብቻ፣ በገዛ እጅዎ ከአጥሩ በር ይውጣ። ለሚያስፈልገው ይሰጥ፤ ለማንም የማይበጅ ከሆነ ይቃጠል። የወጣ አይመለስ፤ አንድ ቀን ቢታጎል በማግስቱ ሁለት ይሁን። እኔ ያለ መሪ፣ ያለ ምርኩዝ ከዚህ አልጋ እስከ አጥሩ በር እስክሄድ ድረስ እንዲህ ይሁን።»

አዛዥ ራሳቸውን ነቅንቀው ማሉ። በመጀመሪያው ቀን ያን እርካብ የለሽ ኮርቻ ተሸክመው ከአጥሩ በር ላይ እንደ ልጅ ቀባሪ ቆመው ዋሉ፤ በመጨረሻ አንድ የአጋሰስ ነጂ ሲያልፍ ፊታቸውን አዙረው ሰጡት። በሁለተኛው ቀን ካባው፣ በሦስተኛው ሙዳዩ ወጣ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ግን የጋኑ ተራ ሲደርስ ልባቸው ከዳቸው፤ የአባታቸው የሠርግ ጠላ የተጠመቀበት ነበርና። ከቤቱ ጀርባ ወስደው በሣር ሸፈኑትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዛሬ ምን ወጣ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ጋኑ።»

«የቤቱ መዝጊያ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ የአጥሩ በር ግን አልተከፈተም።»

የመኰንንን ግምጃ ቤት ሠላሳ ዘመን ያለ ሐሰት የጠበቁት ሰው በዚያች ሰዓት፣ «ዋሽቼሻለሁ» አሉ። በሕጉም መሠረት በማግስቱ ጋኑንና አንድ የተጎረደ ጎራዴ አወጡ፤ ከዚያች ቀን ወዲያም ሳያታልሉ ሠሩ። ነገር ግን ቅሬታቸውን አልሸሸጉም፤ «የእኔ ሲወጣ የአንቺ የመሶብ መስፊያ ስንደዶና አለላ ለማን ተቀምጦ ነው?» ቢሉ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና እኔም ልግባበት አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አዛዥ፣ አንድ ቀን ባለቤታቸው ሆኑ፤ እመቤቲቱም ጀምረው ያልጨረሷቸውን አሥራ አንድ መሶቦች በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቃል እየተናገሩ፣ ለጎረቤት ሴቶች አደሉ። ቤቱ በሰፋ መጠን እግራቸው ደፈረ፤ ከአልጋ እስከ ምሰሶ ሰባት፣ ከምሰሶ እስከ መዝጊያ ዘጠኝ እርምጃ መሆኑን ግድግዳ እየደገፉ፣ በኋላም ሳይደገፉ አጠኑ። ግቢው ብቻ ሰፊ ባሕር መስሎ ያስፈራቸው ነበርና ከደፉ አላለፉም።

አምስት ወር ሞልቶ ጥር ገባ። አዛዥ ንዳድ ይዟቸው ተኝተው፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ወለቴም ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ፣ በቀትር ኃይለኛ ነፋስ ተነሥቶ ከማድ ቤቱ ፍም አፈሰና በቤቱ ክዳን ላይ በተነው። የደረቀ ሣር ምን ጊዜ ይፈጃል! ጣራው ሲንጣጣ፣ ጢሱ እንደ ጥቁር መጋረጃ ሲወርድ አዛዥ ከእንቅልፋቸው ባነኑ፤ ቢነሡም ምሰሶውን ከግድግዳው መለየት ተሳናቸው።

«ደብሪቱ! በሩ ወዴት ነው? አላይም!»

«እኔም አላይም፤ ነገር ግን አውቀዋለሁ። እጅዎን ይስጡኝ።»

እነሆ እኒያ ዕውር እመቤት የሚያዩትን ባላቸውን ይዘው ተነሡ። ሰባት እርምጃ፤ ምሰሶው ከእጃቸው መዳፍ ገባ። ዘጠኝ እርምጃ፤ በመካከሉ የሚያደናቅፍ ሙቀጫ፣ የሚጠልፍ ጠፍር፣ የሚወጋ ሶማያ አልነበረም። ደፉን ሲሻገሩ የጣራው ወጋግራ ከኋላቸው ወደቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን አልቆሙም፤ የፈሩትን ግቢ በቀጥታ አቋርጠው፣ ሰዎች ሲሮጡ ወደሚሰማበት ወገን ገሥግሠው፣ የአጥሩን በር በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

የመንደሩ ሰው ውኃ በእንስራ፣ መጥረቢያ በትከሻ ይዞ ደረሰ። አንድ ጎልማሳ ነጠላውን በውኃ ነክሮ ፊቱን ሸፍኖ፣ «አዛዥ፣ ከውስጥ የቀረ ዕቃ ካለ ይናገሩ፤ ገብቼ ላውጣ!» አለ። በበሽታ የዛሉት፣ ጥላሸት የለበሱት ሽማግሌ የሚስታቸውን እጅ ሳይለቁ ቀና ብለው፣ «ማንም እንዳይገባ! ያለኝ ሁሉ ወጥቷል» ብለው በግምጃ ቤት ዘመናቸው ድምፅ አዘዙ። ያን ጊዜ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ወይዘሮ ደብሪቱም በፀሐዩ መካከል ያለ መሪና ያለ ምርኩዝ ቆመው፣ «ጌታዬ፣ ከመሐላዎ ተፈተዋል» አሉ፤ ሁለቱም እንደ ሙሽሮች ሳቁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጎረቤት ተባብሮ ታናሽ ቤት ሠራላቸው፤ አዛዥም በየጧቱ በባዶው ወለል ላይ ደረታቸውን ነፍተው ሲመላለሱ ያየ ሁሉ አገር የተሾሙ መሰለው። ሰው ሀብቱ የያዘው ብዛት እንዳይመስለው፤ በዕቃ የሞላ እጅ፣ እጅ የሚይዝበት ስፍራ የለውምና።